ዳዊት በአማቱ መሬት ላይ የቆፈረው ጉድጓድ

ድሬዳዋ ተወልዶ ድሬዳዋ ያረጀ ሰው ጎጃም ደርሶ ሲመለስ ሰፈሩ በዋዛ አይለቀውም። ከተመለስኩ ጀምሮ ከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ ሥር በተቀመጥኩ ቁጥር «እስቲ ያንን የጉድጓዱን ነገር ድገምልን» የማይለኝ የለም። እኔ ስደጋግመው ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ወሬውም በየአፉ እየተጨመረበት አሁን ጭራሽ እኔን ራሴን ጉድጓድ ውስጥ የከተቱኝ አሉ። ስለዚህ አንዴ ወረቀት ላይ አስፍሬው ልገላገል። የምጽፈው ጎጃምን ላላያችሁት ወገኖቼ ነው፤ ያያችሁት ደግሞ ብሳሳት ይቅር በሉኝ።

የሄድኩት ሽማግሌ ሆኜ ነው። ዳዊት አብሮኝ ሐዲድ ሲያነጥፍ የኖረው የሟች ጓደኛዬ ልጅ ነው። አፈር ተምሮ (አዎ፣ አፈር የሚባል ትምህርት አለ) ፍኖተ ሰላም ተመድቦ የአፈር ባለሙያ ሆኗል። እዚያው አቅራቢያ ጅጋ ከተማ የምታስተምር እመቤት የምትባል ልጅ ወደደ። እሷም ወደደችው። አባቷ ግን ሁለት ጊዜ የላካቸውን ሽማግሌዎች ሁለቱንም ጊዜ በባዶ መለሱበት። ይባስ ብሎ ሌላ ቤተሰብ ልጅቷን ጠይቆ አባቷ ሰኞ መልስ ሊሰጡ ቀጥረዋል። ዳዊት ለእናቱ ስልክ ደውሎ «ጋሽ በላይ እስከ እሑድ ካልደረሰልኝ አለቀልኝ» አላት። እሷ እያለቀሰች ቤቴ መጣች። «ለምንድን ነው የከለከሉት?» ብላት «ስለ አንድ ጉድጓድ ነው አለኝ፤ ስልኩ ተቋረጠ» አለች። ጊዜው በየቀበሌው ገበሬው ሁሉ «የውኃ ጉድጓድ ቆፍር» እየተባለ የሚሰበሰብበት ስለሆነ የመንግሥት ጉዳይ መሰለኝ። አንድ ካርቶን ሐላዋ፣ የአገሬን ጣፋጭ፣ ይዤ ተነሣሁ።

ረቡዕ

ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ጎህ ሳይቀድ ወጣን። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ገና ከከተማው ሳንወጣ ሎሚ አውጥታ «ይያዙት፣ ዓባይ በረሃ ላይ ይፈልጉታል» አለችኝ። እኔ የበረሃ ልጅ ሎሚ? ሳቅኩ። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሰው ሁሉ በሙቀቱ ሲቃትት እኔ ነፍሴ መለስ አለች፤ ኮቴን አወለቅኩ፣ እንዲያውም ማንጎራጎር ጀመርኩ። ሙቀቱ የቤቴ ነበር። ጠመዝማዛው ግን የቤቴ አልነበረም። ባቡር ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ይሄ አውቶቡስ ግን ገደሉን እያየ እንደ ሰካራም ይዞር ነበር። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሴትዮዋ ምንም ሳትናገር ሎሚውን አፍንጫዬ ሥር አስጠጋችልኝ። እስከ ደጀን ድረስ አልለቀቅኩትም።

ደብረ ማርቆስ አደርን። ድሬ ብርድ ልብስ ማለት ለእንግዳ ማሳያ ነው፤ ታጥፎ ቁም ሣጥን ላይ ይቀመጣል። እዚህ ሁለት ደርቤም ጥርሴ እንደ ስፌት መኪና ይንቀጫቀጭ ነበር። ሙቀት ያገኘሁት ከቁንጫ ጋር ስታገል ብቻ ነው። ጠዋት የሆቴሉ ባለቤት ፊቴን አይቶ «ጌታዬ፣ እንዴት አደሩ?» ቢለኝ «አላደርኩም» አልኩት። አዘነና ትኩስ ወተት በትልቅ ጣሳ ሰጠኝ፤ ለመንገድ ብሎም ዳቦ ጠቀለለልኝ።

ሐሙስ

ያ ወተት ነው የፈጀኝ። ከማርቆስ እንደወጣን እንቅልፍ ጣለኝ። ደምበጫን አላየሁም፤ ጅጋን አላየሁም፤ የመጣሁበትን ፍኖተ ሰላምን አላየሁም። የነቃሁት ረዳቱ «ምሳ! ምሳ!» እያለ በሩን ሲደበድብ ነው። ወረድኩ፤ ደረቴን ነፋ አድርጌ ምግብ ቤት ገባሁና ጥብስ አዘዝኩ። «ስሚ፣ ፍኖተ ሰላም እንግዲህ ቀረባ?» አልኳት ባለ ምግብ ቤቷን።

«ኧረ ቀርቦ ነበር» አለች፤ «ቡሬ ነው ያሉት እኮ፤ ወደ ኋላ ትተውት መጡ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ። ሴትዮዋ ግን እየሳቀች እጇን ጠርጋ ወጣች። ካርቶኔን ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አስወረደች፣ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚመለስ ሚኒባስ አስቆመች፣ «የእኔ እንግዳ ናቸው፣ ሳትጭን እንዳትሄድ» ብላ ሾፌሩን አስጠነቀቀች። ጥብሱንም በእንጀራ ጠቅልላ እጄ ላይ አስያዘችኝ።

ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። የቀረችው ቦታ በአንድ ሽማግሌ ጃንጥላ ተይዛለች፤ ነጭ ጥምጥም፣ ነጭ ጋቢ፣ ጭራ የያዙ ሰው ናቸው። «አቦ ጃንጥላህን ሰብሰብ አድርግና አስቀምጠኝ» አልኳቸው። የድሬን ሰው ታውቁታላችሁ፤ አባታችንንም፣ ሹማችንንም «አንተ» ነው የምንለው፣ ፍቅራችን ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሽማግሌው ጃንጥላቸውን ቀስ ብለው አነሡ።

«ለመሆኑ የወዴት አገር ሰው ነዎት?»

«ድሬዳዋ ነኛ!»

«ድሬዳዋ» አሉ ጣራውን እያዩ፤ «እዚያ አገር ሰው አይሸመግልም ይሆናላ።»

ከዚያ ፍኖተ ሰላም ድረስ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ስንደርስ ወረዱ፤ እኔም ወረድኩ። በአንድ መንገድ ሄድን። በአንድ ቀጭን ቅያስ ታጠፍን። አንድ በር ላይ ቆምን። ዳዊት በሩን ከፍቶ «ጋሼ! መሪጌታ! በየት ተገናኛችሁ?» ብሎ ሁለታችንንም ባንዴ አቀፈን። መሪጌታ ኅሩይ ቡሬ ቅኔ የሚያስተምሩ፣ የእመቤት አባት የሚያከብሯቸው ሰው ናቸው፤ ዳዊት ለምኗቸው የመጡ የሽምግልና ጓደኛዬ መሆናቸው ነው። እጅ እየነሣሁ «ይቅርታ፣ መሪጌታ» ስል «ተዉት» አሉኝ፤ «እንዲያ ያለ ደፋር ሰው አያስፈልገንም አይባልም።»

ሦስተኛው ሽማግሌ የዳዊት አከራይ አቶ ሞላ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሳቅ የሚቀድማቸው። ባለቤታቸው እትዬ የሺ በርበሬ የበዛበት የዶሮ ወጥ አቀረቡልን። የድሬ በርበሬ ምላስ ያቃጥላል፤ የዚህኛው ጆሮ ነው። እያለቀስኩ ስበላ ዳዊት ነገሩን ነገረኝ።

«ጋሼ፣ ሥራዬ እኮ ነው» አለ። «በትናንሽ ጅረቶች ዳር ያለውን ሜዳ ለመስኖ እያጠናን ነው። አፈሩን ከላይ አይተህ ምንም አታውቅም፤ ቆፍረህ ጎኑን ማየት አለብህ። ካየሁት ሁሉ የሚያምረው ደግሞ የእመቤት አባት፣ የአያ ደመላሽ መሬት ነው። ያኮራኋቸው መስሎኝ እዚያ ቆፈርኩ። እሳቸው አልነበሩም።»

«ምን ያህል ጉድጓድ ነው?»

«የሚቆፈረው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። አንድ ሰው ዘርግቶ የሚያስተኛ ርዝመት፣ ትከሻ የሚያስገባ ስፋት፣ እስከ ደረት የሚደርስ ጥልቀት። ጎኑ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል። ፀሐይ እንዲያገኘው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አስተኛሁት።»

«አስተኛሁት አለ!» አቶ ሞላ ጉልበታቸውን መቱ።

«ቦታው እንዳይጠፋኝም ራስጌው ላይ ነጭ ቀለም የተቀባ እንጨት ተከልኩ።»

«ከመስቀሉ በቀር ሁሉን አሟልቷል» አሉ መሪጌታ።

እኔ የጎረስኩትን ልውጥ ወይ ልትፋ ጨነቀኝ። አያ ደመላሽ ያን ቀን የት ሄደው እንደነበር ስሰማ እንባዬ የበርበሬው መሆኑ ቀረ። ከቀብር ነበር የተመለሱት! ጎረቤታቸውን አፈር አልብሰው ቤታቸው ሲደርሱ፣ በገዛ መሬታቸው ላይ በቁመታቸው ልክ የተቆፈረ አዲስ ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ጠበቃቸው። ከዚያ በፊት ደግሞ በቀበሌው ስብሰባ ተነሥተው፣ የሰው ጥጃ ኩሬ ውስጥ ወድቆ ስለሞተ፣ «እኔ በመሬቴ ላይ ጉድጓድ አላስቆፍርም!» ብለው ሕዝብ ፊት በታቦት ምለዋል። «ልጄን ሳይወስድ እኔን ሊቀብር የመጣ!» አሉ ይባላል።

«ታዲያ ለምን አትደፍነውም?» አልኩት።

«እሱ እኮ ነው ያልገባኝ ጋሼ! ጉድጓዱ ካልተደፈነ ልጄን አልሰጥም ይላሉ። አካፋ ይዤ ስሄድ ደግሞ መሬቴን እንዳትረግጥ ብለው በዱላ ያባርሩኛል። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ!»

ዓርብ

ለምን እንደምሸመግል ልወቅ ብዬ ዳዊትን ከከተማው ወጣ ወዳለች አንዲት ጅረት ውሰደኝ አልኩት። የእኛን ወንዝ ታውቃላችሁ፤ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ ኳስ ይጫወቱበታል፣ ገበያ ይቆምበታል፣ ውኃው ሳይጋበዝ የሚመጣ እንግዳ ነው። የጎጃም ጅረት ግን በበጋም ቢሆን እንደ ፈትል ቀጥና ትፈሳለች፣ ድምፅዋም አይቋረጥም። ግራና ቀኟ ያለው ሜዳ ጠጠር የበዛበት ነው፤ እንደ እንቁላል የተሞረደ ጥቁር ድንጋይ፣ ቀይ ድንጋይ፣ መሐሉ ላይ ስስ ደለል። ዳዊት የወንዙን ዳር በቢላዋ ልጦ እንደ ኬክ አሳየኝ። አሸዋ፣ ከሥሩ ጠጠር፣ ከሥሩ ቡናማ አፈር፣ ከሥሩ ደግሞ ጠጠር።

«ይኸ ደግ ክረምት ነው» አለኝ፤ «ውኃው ዝግ ብሎ መጥቶ ደቃቁን አስቀምጦ ሄደ። ይኸኛው የተቆጣ ክረምት ነው፤ ድንጋይ እያንከባለለ መጣ። ገበሬው ይረግመዋል፤ ዛሬ ቢዘንብበት ነገ ይደርቃል። ኮረብታው ላይ ያለው ቀይ አፈር ውኃ ይይዛል፣ ጥቁሩ ዋልካ ከያዘ አይለቅም፣ ይኸኛው ግን ወንፊት ነው።»

ጠጠር ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ዕድሜዬን ሐዲድ ሥር ሳነጥፈው ኖሬያለሁ። «ጠጠር የምናነጥፈው ውኃ እንዳይቆም ነው» አልኩት ባለሙያ ሆኜ።

«ልክ! ግን ውኃው የት ይሄዳል ጋሼ? የትም። ታች ነው ያለው። ይሄን የመሰለ አፈር...»

ይሄን የመሰለ አፈር ምን እንደሆነ አልሰማሁም። የቆምኩበት ዳር ተናደና ከነኮቴ ጅረቷ ውስጥ ገባሁ። ዳዊት እጄን ይዞ እየጎተተ፣ ከሳቁ ብዛት እንደገና እየለቀቀኝ፣ «ሌላው ጠባዩ ይኸ ነው፤ አይያያዝም፣ ዳሩ ላይ አይቆምም!» ይለኛል። ወጣሁ። የግራ ጫማዬ ሶል ግን አልወጣም። ድሬ ውስጥ እኔ በጫማዬ የምታወቅ ሰው ነኝ። እትዬ የሺ ሲያዩኝ ልብሴን አጥበው አሰጡልኝ፣ ጋቢ አለበሱኝ፣ ለነገው ጉዞም የባላቸውን ጥቁር ኮንጎ ጫማ ሰጡኝ። እግሬ ውስጡ ይዋኛል። ሽማግሌ ሆኜ የቀረብኩት እንግዲህ በጎማ ጫማ ነው።

ቅዳሜ

ጠዋት ሦስታችን ሽማግሌዎች ከዳዊት ጋር በሚኒባስ ጅጋ ወረድን። ገበሬው ከየአቅጣጫው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወደ ከተማው ይገባል። እመቤት መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀችን፤ ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ፣ ቁጡ የምትመስል ልጅ ናት። የእኔን እጅ ይዛ «ጋሼ፣ አባዬ ሰኞ ቃል ከሰጡ በኋላ አያጥፏትም፤ እኔም ከቃላቸው አልወጣም። ዛሬ ነው» አለችኝ። እስከዚያ ድረስ ጉዞው ለእኔ ጨዋታ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ጋቢዬን አጥብቄ አጣፋሁ። ዳዊት ከእሷ ጋር ጅጋ ቀረ፤ ጠያቂው ራሱ አይሄድም፣ ልማዱ አይደለም።

ከዚያ ወደ አያ ደመላሽ ቤት በእግር። በኮንጎ ጫማ። ድሬ ላይ ሰው ሲያልፍ «ሰላም ነው?» ብለነው መልሱን ሳንሰማ እናልፋለን። እዚህ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እንዴት አደራችሁ? ደኅና አደራችሁ? እንዴት ከረማችሁ? ከብቱ? ቤተሰቡ?» ይላል። እኔ ከብት የለኝም፤ ግን «ደኅና ናቸው» እላለሁ። ሁለት ቦታ ጠላ ጠጡ ተብለን ተለምነናል፤ መሪጌታ ግን «ሥራ አለብን» እያሉ በጭራቸው ይነዱን ነበር።

አያ ደመላሽ ረጅም፣ ጠይም፣ እንደ ዱላቸው ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። ቤታቸው ጉብታ ላይ ነው፤ ሜዳውና የዓርቧን የመሰለች ጅረት ከታች ይታያሉ።

«ግቡ እንጂ፣ ቤት ለእንግዳ!» አሉ።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ አቶ ሞላ እንደ ወጉ።

«እንግዲያውስ ቁሙ» አሉና እሳቸው ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ።

ቆምን። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ወጥተው ሳሙን። ሐላዋውን ብሰጣቸው አሽትተው «ሳሙናው የልብስ ነው የገላ?» አሉኝ። መሪጌታ ንግግራቸውን ጀመሩ፤ ስለ ዘር፣ ስለ እርሻ፣ ስለ ዝናብ እየዞሩ መጡና ወደ ነገሩ ሲጠጉ አያ ደመላሽ እጃቸውን አነሡ።

«መሪጌታ፣ የማከብርዎ ሰው ነዎት። ግን አንድ ነገር ነው ያልኩት። መሬቴ ላይ ያ ጉድጓድ አፉን ከፍቶ እያለ ልጄን አልሰጥም። ይደፈን ብያለሁ፣ አልተደፈነም።»

ነገሩ ቀላል መሰለኝ። «ታዲያ አሁን እንድፈነው አቦ! አካፋ አምጣ!» አልኩ።

መሪጌታ ኮንጎ ጫማዬን ረገጡኝ። አያ ደመላሽ ግን «አንተ» መባላቸው አልነበረም ያስደነገጣቸው፤ አካፋው ነው። ብድግ አሉ።

«ዛሬ? ዛሬ እንዴት ይሆናል! ቀዳሚት ሰንበት ናት፣ መሬት አይጫርባትም!»

«ነገስ?» አሉ አቶ ሞላ።

«ነገ እሑድ!»

«ሰኞስ?»

«ሰኞ ልደታ ናት ጃል፤ ምን ሆናችኋል?»

ተያየን። ሰኞ ለሌሎቹ ሽማግሌዎች መልስ ለመስጠት የማትከለክል ልደታ አፈር ለመመለስ ትከለክላለች። ፀሐዩ ከረረ፤ እኛ ቆመናል፣ እሳቸው ተቀምጠዋል፣ መሪጌታ ጃንጥላቸውን ዘርግተዋል። እኔ በበኩሌ ጠዋት ከእትዬ የሺ የጠጣሁት ሁሉ ሊወጣ አስጨነቀኝ። «ለደቂቃ ወደ ውጭ» ብዬ ወደ ጅረቷ ቁልቁል ወረድኩ።

ጉዳዬን ፈጽሜ ስዞር ሜዳው ላይ የእሾህ አጥር አየሁ። አንድ ጎጆ እንኳ የምታክል ቦታ አይደለችም፤ ግን በጥንቃቄ የታጠረች፣ ላይዋ ላይ ቅርንጫፍ የተከደነባት። ቅርንጫፉን ገለጥ ባደርገው ነጩ እንጨት አለ። ጉድጓዱ አለ። ጉድጓዱ ውስጥ ደግሞ ውኃ! ጠጠሩ ከሥሩ አንድ በአንድ እየታየ፣ ጥርት ያለ ውኃ። መውረጃ ድንጋይ ተደርድሮለታል፣ ቅል በገመድ ታስሮ ተሰቅሎለታል። ወደ ወንዙ በኩል ደግሞ ደረቅ ሣር የተጋረደበት መደብ አለ፤ ሣሩን ባነሣው የበርበሬ ችግኝ ለምለም ሆኖ ተጨናንቋል። ያ ሁሉ አገር ዝናብ እየጠበቀ ቢጫ ሆኖ፣ ይህች ቦታ ብቻ አረንጓዴ!

ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። አያ ደመላሽ ጋቢያቸውን ሰብስበው እየሮጡ መጡ፤ ያ ሁሉ ግርማቸው የለም።

«ምን አየህ?» አሉኝ። አሁን እኔም «አንተ» ሆኛለሁ።

«ምንም።»

«እንዲያ በል።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «በታቦት ምዬ ነበር፣ ሰው ሁሉ ሰምቷል። አላስቆፍርም ብዬ ተቆፈረብኝ። ልደፍነው ስመጣ ውኃ ይዞ ጠበቀኝ። ነገ እደፍነዋለሁ ስል በርበሬው በቀለ። ምን ላድርግ እንግዲህ? ውኃው ይጣፍጣል!»

ስቄ ልሞት ነበር። ቃል ገባሁላቸው፤ ከንፈሬን ነክሼ ሽቅብ ተከተልኳቸው። ቦታችን ላይ ቆምን፤ እሳቸውም ተቀመጡና ፊታቸውን አጠቆሩ። «እንግዲህ ቃሌ ቃል ነው፤ ጉድጓዱ ይደፈን» አሉ እንደ ገና።

በዚህ ጊዜ እትዬ ጥሩወርቅ ከጓዳ ወጡ። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«ይደፈን? እሺ ይደፈን! በርበሬዬን ታዲያ በምን ላጠጣ ነው? በእንባዬ?»

አያ ደመላሽ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። አቶ ሞላ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። መሪጌታ ግን በጭራቸው ቀስ ብለው አንዱን ዝንብ አባረሩና «አያ ደመላሽ» አሉ፤ «የማሉት ምን ብለው ነበር?»

«ጉድጓድ አላስቆፍርም ብዬ።»

«አስቆፈሩ?»

«እኔማ አላስቆፈርኩም!»

«ያለ ፈቃድዎ ነው የተቆፈረው። ስለዚህ መሐላዎ እንዳለ ነው፤ ማንም አልነካውም። ውኃውን ደግሞ አልጠጣም ብለው አልማሉ።»

አያ ደመላሽ ጢማቸውን አሻሹ። ከፊታቸው ላይ ሸክሙ ሲወርድ አየሁት። የመጨረሻዋን ኩራታቸውን ግን አልለቀቁም። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ልጁን ይዛችሁት ጉድጓዱ ዳር ኑ፤ ዓይኑን ልየው» አሉ። ቤታቸው እንድናድር ለመኑን፤ እኛ ግን አልተቀመጥንምና ጎረቤት አደርን። ጎረቤትየው አልጋውን ለቆልን እሱ መደብ ላይ ተኛ፤ እግሬ ማበጡን አይታ ሚስቱ ለብ ባለ ውኃ አጠበችኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እግሬን ያጠበኝ ሰው የለም።

እሑድ

ዳዊት ከቅዳሴ በኋላ ነጭ ሸሚዙን ጥርት አድርጎ ለብሶ መጣ፤ ፊቱ ግን ኖራ ሆኗል። እመቤትም ከእናቷ ጋር ራቅ ብላ ቆማለች። ወሬው አድሮ ኖሮ ከቤተ ክርስቲያን የወጣው ሰው ሁሉ ነጠላውን እንዳጣፋ ጉድጓዱን ሊያይ ተከትሎናል። አያ ደመላሽ አጥሩን በገዛ እጃቸው ከፈቱ። ሰው ሲያጉረመርም ኮራ አሉ፤ እስከ ትናንት የደበቁትን ዛሬ እንደ ሙሽራ ያሳያሉ።

«ይኸውላችሁ መቃብሬ!» አሉ። «ቆይ ቅመሷት።» ቅሉን ይዘው ድንጋዩን ረገጡና መውረድ ጀመሩ።

«አባባ፣ ዳሩ...» አለ ዳዊት።

«አንተ ዝም በል፣ ገና አላናገርኩህም!»

ዳሩ ተናደ። ልክ ዓርብ ዕለት እኔን እንዳደረገኝ፤ ጠጠሩ ሽው ብሎ ሄደና አያ ደመላሽ ከነጋቢያቸው እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ቆሙ። ሴቶቹ ኡኡ አሉ። ሰው ሁሉ ሊያወጣቸው ወደ ዳሩ ሲገፋፋ፣ እየተናደ ያለው ጠጠር እግራቸው ላይ እየተከመረ ሄደ።

«ወደ ኋላ! ማንም እንዳይቀርብ!» ዳዊት እንደዚያ ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም። ሕዝቡን ገፍቶ መለሰ፤ ያን ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ መሬት ላይ በደረቱ ተኛ፤ እየተሳበ ወደ አፋፉ ሄደና ሁለት እጁን ወደ ታች ዘረጋ። እኔና አቶ ሞላ እግሩን ያዝን።

አያ ደመላሽ እጁን አዩት። ጢማቸው ውኃ ያንጠባጥባል። ቅሉ አጠገባቸው ይንሳፈፋል። የምር ፈራሁ፤ ውኃውን አይደለም፣ ኩራታቸውን ፈራሁ።

«አውጣኝ እንግዲህ» አሉ ቀስ ብለው፤ «ልጄ።»

ጎተተ፤ እኛም እሱን ጎተትን። ሽማግሌው በጠጠሩ ላይ ተስበው ወጡና ዱብ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ብርድ መስሎኝ ጋቢዬን ላለብሳቸው ስል ሳቅ ነው። ሳቃቸው ሕዝቡን ሁሉ ያዘው። እመቤት አፏን በነጠላዋ ሸፍና ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። ዳዊት ከአፍንጫው እስከ እምብርቱ ጭቃ ሆኖ ቆሟል፤ አያ ደመላሽ ግን እጁን አልለቀቁትም።

«እህ፣ አያ ደመላሽ» አሉ መሪጌታ፤ «ምን ብለን እንሂድ?»

«ምን ትላላችሁ! አገር እያየ ከመቃብሬ ያወጣኝን ልጅ እንዴት ብዬ ልመልሰው? ሰኞ የሚመጡትን ሌሎቹን ይቅርታ እላለሁ። ልጄን ሰጥቻለሁ።» እልልታው ጅረቷን ዋጣት። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ወደ እኛ አዞሩ፣ ከእኔ ኮንጎ ጫማ ላይ ጀምረው ሽቅብ አዩኝ።

«አንተ የድሬ ሰው፣ አሁንም ትገተራለህ? ተቀመጡ እንጂ!»

ሦስታችንም እዚያው እርጥቡ ጠጠር ላይ ዘርፈጥ ብለን ተቀመጥን።